ወረርሽኝ ፊት የቆመ የጤና ባለሙያ ጽናቱን ከየት ያገኛል?

የማታ ተረኛ (ነርስ፣ አዲስ አበባ)

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ።

ኅዳር 2018 በጂንካ የማርበርግ ቫይረስ በሽታ መከሰቱ በይፋ ከተነገረ በኋላ እኔ በምሠራበት ሆስፒታልም የዝግጅት ሥራ ተጀምሮ ነበር። የመከላከያ ልብስ አለባበስና አወላለቅ ተለማመድን፣ የለይቶ ማከሚያ ክፍል ተሰናዳ፣ በመጨረሻም አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስለ ሥነ ልቦና ጽናት ገለጻ ተደረገልን። ያቀረቡት ሰው ዝግጅታቸው የሚያስመሰግን ነበር፤ በጥልቀት መተንፈስ፣ በቂ እንቅልፍ ማግኘት፣ ከክፉ ወሬ መራቅና በጎ በጎውን ማሰብ እንደሚጠቅም በሥዕል ጭምር አስረዱን። ከኋላ ተቀምጠው የነበሩ አንዲት አንጋፋ ነርስ እጃቸውን አውጥተው፣ «በሽተኛ ነክተን ከወጣን በኋላ የት ነው የምናድረው?» ብለው ሲጠይቁ ግን፣ ጥያቄው አስተዳደርን የሚመለከት ነው ተብሎ ታለፈ። እኔ ደግሞ በዚያ ስብሰባ ስለ ጽናት ከተነገረው ሁሉ ዋናው ጉዳይ የእሳቸው ጥያቄ ይመስለኛል፤ ይህን ክር የከፈትኩትም ስለዚሁ ነው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮቪድ ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ፤ ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለዚሁ ሕክምና ተለየ፤ ቆይቶም ሚሊኒየም አዳራሽ ሳይቀር አልጋ ተዘረጋበት። በዚያ ጊዜ እኔም በአንድ የሕክምና ማእከል ተመድቤ እሠራ ነበር። ሰው ሁሉ ከባዱ ነገር ከሕመምተኛው አጠገብ መቆሙ ይመስለዋል። በርግጥ ቀላል አልነበረም፤ ጋዋኑና ጎግሉ ከተለበሰ በኋላ እስኪወጣ ድረስ ውኃ መጠጣትም መጸዳጃ ቤት መሄድም የማይታሰብ በመሆኑ፣ ከመግባታችን በፊት ሻይ እንኳ አንቀምስም ነበር። ፊታችን ስለማይታይ ስማችንን በማርከር ደረታችን ላይ እንጽፋለን፤ ሕመምተኛው ማን እንደሚያገላብጠው የሚያውቀው በዚያ ጽሑፍ ነበር። ሆኖም ውስጥ ሳለን ሥራው ራሱ ሐሳባችንን ይይዝልን ነበር። ሰውን የሚያዝለው ከወጣን በኋላ የሚጠብቀን ነገር ነው፤ ተራው ይህን ያህል ጊዜ ነው ተብሎ ከገቡ በኋላ ሳይነገር መራዘሙ፣ የምርመራ ውጤት እየጠበቁ በለይቶ ማቆያ ክፍል ጣሪያ እያዩ መሰንበቱ፣ አከራይ ደውላ «ለጊዜው ባትመጪ ይሻላል» ማለቷ፣ የተጋላጭነት ክፍያው መቼ እንደሚገባ የሚያውቅ ሰው መጥፋቱ። አብራኝ ትሠራ የነበረች ባልደረባዬ በአንድ ሌሊት የደረሰውን ሞት ሁሉ ሳታለቅስ ችላው፣ የሥራ ፕሮግራሙ እንደገና ተቀይሮ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ግን እዚያው ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

እ.ኤ.አ. በ2003 ሳርስ በተባለው የመተንፈሻ አካላት ወረርሽኝ በተመታችው የካናዳዋ ቶሮንቶ የተካሄደ ጥናትም ወደዚሁ ያመለክታል። ወረርሽኙ ካለፈ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይተው የሆስፒታል ሠራተኞችን የመረመሩት አጥኚዎች፣ ሳርስን ያከሙ ሆስፒታሎች ሠራተኞች ካላከሙት ይልቅ በሥራ መታከትና በጭንቀት ተጎድተው አግኝተዋቸዋል፤ ከጉዳቱ ክብደትና ቅለት ጋር ተያይዘው ከተገኙት ነገሮች አንዱም ሠራተኛው በቂ ሥልጠና፣ ጥበቃና የሞራል ድጋፍ አግኝቻለሁ ብሎ ማመኑ ወይም አለማመኑ ነበር። ጽናት የሚፈለገው በሠራተኛው ልብ ውስጥ ብቻ ከሆነ፣ ሲጠፋም የሚወቀሰው እሱ ብቻ ይሆናል። በየቦታችሁ ያጸናችሁ ምን ነበር? ያናወጣችሁስ?

---

ጣና ዳር (ሐኪም፣ ባሕር ዳር)

ሲስተር፣ ጽሑፍዎን በጥሞና አነበብኩት፤ በግማሹ እስማማለሁ፣ በግማሹ ግን አልስማማም። አስተዳደሩ ግዴታውን ይወጣ ማለት ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የውስጥ ጥንካሬን ከቁም ነገር ሳይቆጥሩ ማለፍ በተግባር ካየነው ጋር አይገጥምም። በዚያው በሳርስ ጊዜ በቤጂንግ በአንድ ሆስፒታል ሠራተኞች ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት፣ አደጋውን ለሰው ሲሉ ወድደው የተቀበሉት ባለሙያዎች በኋላ የደረሰባቸው የጭንቀት ምልክት ከሌሎቹ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ይህ እንግዲህ በመመሪያ የሚታደል ነገር አይደለም።

የራሳችንንም እናንሣ። ኢቦላ ምዕራብ አፍሪካን ባስጨነቀ ጊዜ አገራችን በአፍሪካ ኅብረት በኩል 187 በጎ ፈቃደኛ የጤና ባለሙያዎችን ልካለች። ከሄዱት አንዱን አውቃቸዋለሁ፤ ሲመለሱ ስለ ፍርሃት ስጠይቃቸው የነገሩኝ አጭር ነበር፤ «ስሜን ራሴ ጽፌ ስለሰጠሁ ማንን እወቅሳለሁ?» አሉኝ። በዚያ ወረርሽኝ ከ880 በላይ የጤና ባለሙያዎች ተይዘው ከ500 በላይ መሞታቸውን፣ ላይቤሪያ ብቻዋን ከሐኪሞቿ፣ ከነርሶቿና ከአዋላጆቿ 8 በመቶ ያህሉን ማጣቷን ለሚያውቅ ሰው፣ ይህን ብሎ አውሮፕላን መሳፈር ከተራ ድፍረት በላይ ነው።

የኡጋንዳውን ዶክተር ማቲው ሉክዊያንም ሳላነሣ አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ2000 ኢቦላ ጉሉ ውስጥ ላኮር ሆስፒታልን ሲመታ፣ ባልደረቦቻቸው ሲሞቱ ያዩ ነርሶች ሥራ ለማቆም ተሰብስበው ነበር። ዶክተሩ ፊታቸው ቆመው፣ መሄድ የፈለገ መሄድ እንደሚችል፣ እሳቸው ግን ብቻቸውንም ቢሆን እንደሚቀሩ ነገሯቸው። ነርሶቹም ሥራቸውን ቀጠሉ፤ ዶክተሩ በዚያው በሽታ በታኅሣሥ ወር መጀመሪያ አረፉ። ይህን የትኛው የሥራ ፕሮግራም ይሰጣል?

---

የማታ ተረኛ

ዶክተር፣ ስለ ምላሽዎ አመሰግናለሁ። የዶክተር ሉክዊያ ታሪክ ግን የሚያግዘው የእርስዎን ሐሳብ ብቻ አይመስለኝም። ነርሶቹን የመለሳቸው ስለ ጽናት የተነገራቸው ቃል ሳይሆን የሆስፒታሉ የበላይ ራሱ ጋዋን ለብሶ በሌሊት ዋርድ ውስጥ አብሯቸው መገኘቱ ነው። እኔ በነበርኩበት ማእከል ከኃላፊዎቹ መካከል ወደ ሕሙማኑ ክፍል የሚያስገባውን ቀይ መስመር ተሻግረው የሚገቡት ጥቂት ነበሩ፤ የገቡት ያዘዙንን ሁሉ ሳናንጎራጉር እንፈጽም ነበር፤ በስልክ የሚያዙን ግን እውነት ቢናገሩም ቃላቸው አይገባንም ነበር።

ስለ ፈቃደኝነት ያነሡት ትክክል ነው። ታዲያ ከእኛ ብዙዎቻችን ፈቃዳችንን የሚጠይቅ አላገኘንም፤ ስማችንን ያየነው በተለጠፈ ዝርዝር ላይ ነው።

---

ናሙና (የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ደሴ)

ሁላችሁም ስለ ሐኪምና ስለ ነርስ ትናገራላችሁ። ቆሻሻውን ከለይቶ ማከሚያው የሚያወጡት የጽዳት ሠራተኞች፣ አስከሬን የሚያነሡት፣ የአምቡላንስ ሾፌሮችና የልብስ አጣቢዎች እዚሁ ግንባር ላይ ናቸው፤ በእኛ ዘንድ ግን የሥነ ልቦና ገለጻው ቀርቶ የጓንት አወላለቁን እንኳ በወጉ ያሳያቸው አልነበረም። ከእነሱ አንዷ ናሙና የያዘ ሳጥን ሳሻግር ሁልጊዜ ግድግዳ ተጠግታ ትቆም ነበር። ናሙናው ሦስት ጊዜ ታሽጎ እንደሚወጣና በአጠገቡ ማለፍ እንደማያስይዝ አንድ ቀን ሳጥኑን ከፍቼ ባዶውን ዕቃ እያሳየሁ ሳስረዳት፣ «ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልተነገረኝም?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ግድግዳ አልተጠጋችም። ፍርሃት ሁሉ የአእምሮ ሐኪም የሚያሻው አይደለም፤ ብዙው ባለማወቅ የሚመጣ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ሩዋንዳ ላይ ማርበርግ ሲገባ ከተያዙት 66 ሰዎች አብዛኞቹ የጤና ባለሙያዎች ነበሩ። ወረርሽኙ በታወጀ በዐሥር ቀን ገደማ ለግንባር ሠራተኞች በሙከራ ላይ ያለ ክትባት መሰጠት ጀመረ፤ የታመሙትም የተገኘው መድኃኒትና የጽኑ ሕሙማን ክትትል ሁሉ ተደረገላቸው፤ የሞቱት 15 ናቸው፤ ይህም ከበሽታው የቀድሞ ታሪክ አንጻር እጅግ ዝቅተኛ ነው። ነገ ብታመም ይህ ሁሉ ይደረግልኛል ብሎ የሚያምን ሰው የሚሠራበት ልብ ሌላ ነው።

---

ሰሚ ጆሮ (የሥነ ልቦና ባለሙያ)

ውይይቱ ጥሩ መንገድ ይዟል። ከሙያዬ አንጻር ጥቂት ነጥቦችን ላክል፤ ረዘም ቢልባችሁ ይቅርታ።

በመጀመሪያ፣ ከወረርሽኝ ወይም ከአደጋ በኋላ ሠራተኞችን በአንድ አዳራሽ ሰብስቦ ያዩትንና የተሰማቸውን ሁሉ አንድ በአንድ እንዲናገሩ ማድረግ ለረጅም ጊዜ እንደ ጥሩ ሕክምና ሲቆጠር የቆየ ልማድ ነው። በየጊዜው የተደረጉ ምርመራዎች ግን ይህ የአንድ ጊዜ ስብሰባ በኋላ የሚመጣውን ሕመም እንደማይከላከል አሳይተዋል፤ አንዳንዱን ሰው እንዲያውም ሊያባብስበት ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ ፈንታ የሚመክረው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ ዕርዳታ የሚባለውን ነው፤ ይህም ሰውየው ካልፈለገ እንዲናገር ሳያስገድዱ አጠገቡ መሆንን፣ የሚያስፈልገውን ነገር ጠይቆ ማሟላትን፣ ከቤተሰቡና ከወዳጆቹ ጋር ማገናኘትንና ሕመሙ ከጠና ወደሚታከምበት መላክን የሚያጠቃልል ነው። እንደምታዩት አብዛኛው ክፍሉ ከሲስተር ጥያቄ ጋር ይገናኛል፤ «የት ነው የምናድረው?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ መስጠት ራሱ የዚህ ዕርዳታ አካል ነው።

ሁለተኛ፣ የሥራ መታከትን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ ያሰፈረው እንደ በሽታ ሳይሆን ከሥራ ቦታ ጋር የተያያዘ ክስተት አድርጎ፣ በወጉ ካልተያዘ የቆየ የሥራ ጫና የሚመጣ መሆኑን ገልጾ ነው። ስለዚህ ሠራተኛውን ብቻ ለይቶ ማከም ምንጩን እንደነበረ ይተወዋል።

ሦስተኛው በእኛ አገር እምብዛም የማይነገርለት የሕሊና ቁስል ነው። ኦክስጅን ለሁለት ሰው የማይበቃ ሆኖ ለማን ይሰጥ ብሎ የወሰነ ሐኪም፣ ወይም አንዲት እናት ልጇን ለመጨረሻ ጊዜ ለማየት ስትለምን በሕጉ መሠረት የከለከለ ነርስ፣ ከፍርሃት ይልቅ ጥፋተኝነት ይሰማዋል። እንዲህ ላለው ሰው «አንተ ጠንካራ ነህ» ማለት ምንም አይጠቅመውም። የሚጠቅመው ውሳኔውን ብቻውን እንዳይሸከም ማድረግ ነው፤ ለዚህም ማን ቅድሚያ እንደሚያገኝ አስቀድሞ በጋራ የተጻፈ መመሪያ ቢኖርና ውሳኔው በሦስት ሰዎች ቢፈረም፣ ከብዙ የምክር ሰዓት ይልቅ ቁስሉን ያቀለዋል ብዬ አምናለሁ።

ዶክተር ጣና ዳር ያነሡት የዓላማ ጉዳይም እውነት ነው፤ እምነት፣ ጸሎትና የሙያ ክብር ያጸኗቸውን ሰዎች አይቻለሁ። የማልስማማው አለቆች ይህን የሠራተኛው የግል ስንቅ እንደ በጀት ሲቆጥሩት ነው።

---

የሩቅ ነርስ (ሜሪላንድ)

እኔ በኮቪድ ጊዜ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት የማታ ነርስ ነበርኩ። በዚህ አካባቢ በእንዲህ ያለው ቤት ከሚሠሩት ብዙዎቹ የአገራችን ልጆች በመሆናቸው፣ በ2012 የፋሲካ ሰሞን በእረፍት ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው ሁሉ አማርኛ ነበር። ከእኛ ብዙዎቹ በሁለት ቤት ይሠሩ ስለነበር አንዱ ሲዘጋ ወደ ሌላው በሽታውን እንወስዳለን ብለን እንሳቀቅ ነበር፤ ከአንዱ እንዳንቀር ደግሞ ወር ሲደርስ አገር ቤት የምንልከው አለ። እኛም ፈርተናል ብለን ለቤተሰብ አንነግርም፤ እነሱም እዚያ ስለ እኛ እንዳይጨነቁ «እዚህ ሁሉ ሰላም ነው» እንላለን። ይህ መደባበቅ ከሥራው ይልቅ የከበደን ይመስለኛል።

ሌላው ላነሣ የፈለግሁት የሙያ ፈቃድ ጉዳይ ነው። የኒው ዮርኳ የድንገተኛ ክፍል ሐኪም ዶክተር ሎርና ብሪን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 ሕይወቷን በራሷ እጅ ካጣች በኋላ ቤተሰቦቿ እንደተናገሩት፣ የአእምሮ ሕክምና ማግኘቷ ቢታወቅ የሙያ ፈቃዷን እንዳያሳጣት ትሰጋ ነበር። በስሟ የወጣውና እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 የተፈረመው የፌዴራል ሕግ ለጤና ባለሙያዎች የአእምሮ ጤና ድጋፍ ገንዘብ እንዲመደብ አድርጓል፤ ከዚያ ወዲህም በየግዛቱ የፈቃድ ማመልከቻ ላይ «ከዚህ በፊት የአእምሮ ሕክምና አግኝተሃል ወይ?» የሚሉ ጥያቄዎች እንዲቀየሩ ብዙ ተሠርቷል። አገር ቤት ያላችሁ፣ ባለሙያ ሄዶ ቢታከም መዝገቡን ማን ያየዋል? በሚሠራበት ሆስፒታል ውስጥ፣ በባልደረቦቹ ፊት ወረፋ ይዞ ነው የሚታከመው? ይህ ካልተመለሰ የምክር ክፍል ቢከፈትም ገብቶ የሚቀመጥበት ሰው የሚገኝ አይመስለኝም።

---

ጎንደሬው (ጤና መኮንን)

እህታችን እንዳሉት ነው። በእኛ ሆስፒታል የምክር ክፍሉ ከካርድ ክፍል ጎን ስለሆነ የገባ ሁሉ ይታያል፤ እኔ የማውቀው ሠራተኛ ሁሉ የሚታከመው ሌላ ከተማ ሄዶ ነው።

እስካሁን ያልተነሣው የሐዘን ነገር ነው። መጋቢት 30 ቀን 2012 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ስለከለከለ፣ እኛ በሥራችን ያጣነውን ባልደረባችንን የቀበርነው ጥቂት ሆነን ነው። ድንኳን አልተጣለም፣ እድሩ አልተሰበሰበም፣ ሰልስቱም ሳይወጣ አለፈ። በማግሥቱ ሁላችንም ተራችንን ገባን፤ ዕቃ ማስቀመጫ ሳጥኑ ስሙ እንደተለጠፈበት እዚያው ነበር፣ ቁልፉን የሚጠይቅም የሚሰብርም አልተገኘም። ከመካከላችን አንዳንዱ በነገር ሁሉ ቱግ ማለት ጀመረ፤ አንዳንዱ ሥራ ለቀቀ፤ አንዱ መጠጥ አበዛ። ኃላፊዎቹ ይህን የሥነ ምግባር ጉድለት ብለው በደብዳቤ ያስጠነቅቁ ነበር።

ገደቡ ከተነሣ በኋላ አንዲት የማዋለጃ ክፍል ሲስተር አስተባብረውን ወደ ቤተሰቡ ሄድን። ጊዜው ቢያልፍም ለቅሶ ደረስን፤ እናቱ እንዴት እንደሚሠራ፣ በመጨረሻ ምን እንዳለ ጠየቁን፤ እኛም የምናውቀውን ነገርናቸው። ያን ቀን ያለቀስነው የራሳችንን ጭምር ነው። ጥናት አንብቤ የምናገረው ነገር የለኝም፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ቀነሰ። የዓለም ጤና ድርጅት እስከ ግንቦት 2021 እ.ኤ.አ. ድረስ ብቻ ወደ 115,500 የሚጠጉ የጤና ባለሙያዎች በኮቪድ ሳይሞቱ እንዳልቀሩ ገምቷል፤ ከእነዚህ ስንቱ በወጉ ተለቅሶለት ይሆን?

---

ጣና ዳር

ጎንደሬው የጻፉትን ካነበብኩ በኋላ ክርክሬን ማራዘም አልፈልግም። አንድ ነገር ብቻ፤ ለቅሶ መድረስ ቀድሞም የነበረን ነገር ነው። ወረርሽኝ ሲመጣ በሽታውን ለመከላከል የሚከለከለው ልማድ በምን እንደሚተካ አስቀድሞ ቢታሰብበት፣ ለምሳሌ የሟች ባልደረባ ስም በየተራው መጀመሪያ ተጠርቶ ለአፍታ ቢቆም፣ አንድ ተወካይም የሁሉን መልእክት ይዞ ወደ ቤተሰቡ ቢላክ፣ ወጪ አይጠይቅም።

---

አዲስ ተለማማጅ (ኢንተርን፣ ሐዋሳ)

ታላላቆቼ፣ ብዙ ተምሬበታለሁ። እኔ በኮቪድ ጊዜ ገና ተማሪ ስለነበርኩ ያየሁት የለም። የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ጥያቄ ግንቦት 2017 ምን ያህል እንደተካረረ ሁላችንም እናውቃለንና ትልልቁ ነገር በእኛ እጅ እንዳልሆነ ይገባኛል። ነገር ግን ነገ አንድ ነገር ቢከሰት፣ አንድ ዋርድ ውስጥ ያሉ ሠራተኞች ከበላይ ሳይጠብቁ በራሳቸው ሊያደርጉት የሚችሉት ምን አለ?

---

የማታ ተረኛ

እኛ ካደረግነው የሠራልንን ልንገርህ፤ ገንዘብ አያስፈልገውም።

ሰው በብዛት የሚሳሳተው ልብሱን ሲያወልቅ ነው፤ ደክሞታል፣ ጠምቶታል፣ ቶሎ መውጣት ይፈልጋል፣ እጁ ሳያስበው ወደ ፊቱ ይሄዳል። ስለዚህ በማውለቂያው ክፍል ሁልጊዜ አንድ ሰው ከመስመሩ ወዲያ ቆሞ ደረጃዎቹን ጮክ ብሎ እንዲያነብ አደረግን፤ «እጅ ታጠቢ፣ የላይኛውን ጓንት አውልቂ፣ እጅ ታጠቢ፣ ቀስ በይ» እያለ። ያ ሰው መቸኮል አይፈቀድለትም፤ ሥራው ማንበብ ብቻ ነው። መጀመሪያ በሽታ ለመከላከል ብለን ያደረግነው ነው፤ ቆይተን ግን ሌላም ጥቅም አገኘንበት። አንባቢው ሁሉንም ሰው ሲወጣ ስለሚያይ፣ የማን እጅ እንደሚንቀጠቀጥ፣ ማን ጥያቄ ሲጠየቅ እንደማይመልስ፣ ማን ለብዙ ቀን ቃል እንዳልተነፈሰ ከሁሉ በፊት የሚያውቀው እሱ ሆነ። ስለዚህ ተራውን ለሚያወጣው አስተባባሪ «ነገ እገሌ ውጭ ይሥራ» ብሎ ምክንያት ሳይጽፍ የማሳሰብ ሥልጣን ሰጠነው፤ ለእገሌም ቅጣት እንዳይመስለው ውጭ መሥራት ለሁሉም በየተራ የሚደርስ እንዲሆን አደረግን።

ሁለተኛው፣ አዲስ ሰው ብቻውን አይገባም፤ የሚገቡት ሁለት ሆነው ነው፣ የሚወጡትም ሁለት ሆነው ነው፤ ጥንዶቹም በየቀኑ አይለዋወጡም። ሦስተኛው፣ የተራው ፕሮግራም አንዴ ከተለጠፈ ያለ ሁለት ሰው ስምምነት አይነካም። አስተዳደሩ በዚህ ተቆጥቶ ነበር፤ ቀሪ እየቀነሰ መሄዱን ሲያይ ግን ዝም አለ።

ለአንባቢው ያዘጋጀነው የደረጃዎች ዝርዝር በአንድ ገጽ ላይ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ነው፤ ሐዋሳ የምትጠቀሙበት ልብስ ዓይነት የተለየ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ስለሚቀየር፣ ሙሉ ቱታ ነው ወይስ ጋዋን የሚለውን በውስጥ መስመር ጻፍልኝና የሚስማማውን እልክልሃለሁ።